መቀነት የወረደበት ጉድጓድ

ደሳለው ለዓይናለም መጀመሪያ የተናገራት ቃል «አትጠጪው» የሚል ነበር። በዚህ ቃል ፍቅር ይጀመራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከሪያድ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ገሳይ ከተማ ባለው የእናቷ ጓሮ ከጉድጓዱ ቀድታ ጣሳውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ነው ከአጥሩ ማዶ ያያት። እዚያ ማዶ ድሮ የነዳጅ ማከማቻ ነበር። ባለቤቶቹ ትተውት ሲሄዱ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ታንከሮች ዝገው ለዓመታት ሲያፈስሱ ኖረዋል። ደሳለው ከደብረ ታቦር የተላከው አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ ሊያጸዳ ነው።

«በእናቴ ውሃ አንተን ምን አገባህ?»

«እስቲ አሽትቺው።»

አሸተተችው። ነጭ ጋዝ ነው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። እናቷ እማማ ለተሥላሴ፣ ልጃቸው በዓረብ አገር ድምጿ በጠፋ ሰሞን፣ ውሃው ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ሲያብረቀርቅ አይተዋል። የማርያም መቀነት ነው ብለው ተንበርክከው ተሳሉ። በወሩ ልጅቷ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ጉድጓዱን ተሳልሞ ያልፋል፤ አንዳንዱም ለታመመ ልጁ ይቀዳል። ሽታውን ያነሣ ሰው የለም። የእመቤታችን መቀነት ጋዝ ጋዝ ይላል ተብሎ በምን አፍ ይነገራል?

ዓይናለም ሥራ ያገኘችው እዚያው ደሳለው ዘንድ ነው። በጠርሙስ በተቀዳው ናሙና ላይ ቀንና ቁጥር እየጻፈች ትለጥፋለች። እሱ ቧንቧ ቀብሮ ወደ አፈሩ አየር ይነፋል።

«አየር ምን ያደርግለታል?»

«አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። አየር ካገኙ ጋዙን ይበሉታል። የእኛ ሥራ ማስተንፈስ ብቻ ነው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ስድስት ዓመት። ሰባትም ሊሆን ይችላል።»

«ብዙ ነው።»

«ሲጠራ የመጀመሪያውን ጣሳ ግማሽ ለግማሽ እንጠጣለን» አለና እጇን ያዘ።

አልነጠቀችውም። አራት ዓመት የሰው ዕቃ ያጠበ እጅ ነው፤ እንዲህ ቀስ አድርጎ የያዘው ሰው አልነበረም። ወደደችው፤ በቃ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። አቶ ባዩና ሁለት ጎረቤቶች «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እማማ ለተሥላሴ ግን ልጁ ራሱ ይጠራልኝ አሉ። መጣ።

«ወዴት ልትወስዳት ነው?»

«ሥራዬ ወደሚያደርሰኝ፣ እማማ። ከከተማ ከተማ ነው የምዞረው።»

እማማ ለተሥላሴ ወደ ጓሮው ዞር ብለው አዩ። «እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝና ልጄን ውሰድ። ውሃው ላይ ያለው መቀነት ነው ወይስ ጋዝ?»

ዓይናለም ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። በዓይኗ ለመነችው። መቀነት በል፤ አንድ ቃል ናት። ደሳለው አያት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየ። ሦስቱም የልጅ ልጆች አሏቸው፤ መቀነት ነው ቢል ቃሉን ይዘው ሄደው ከዚያ ጉድጓድ ያጠጧቸዋል።

«ጋዝ ነው፣ እማማ።»

«በሉ፣ ደህና ግቡ፤ ልጄን አልሰጥም» አሉ እማማ ለተሥላሴ ለሽማግሌዎቹ።

በማግሥቱ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ጠራት።

«ከእኔ ውሃ በለጠብህ» አለችው።

«አልበለጠብኝም፤ ግን...»

ጀርባዋን ሰጠችው። በሁለት ሳምንቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። እሱን የያዘው ሚኒባስ በደጃቸው ሲያልፍ ጡሩምባውን ሰማች፤ አልወጣችም። እልኽ ነው። እልኽ ደግሞ አብሮ አያረጅም፤ ጸጸቱን ጥሎ ይሄዳል።

ቀበሌው ጉድጓዱን ከደነው። ዓይናለም ናሙና ላይ ቀን እየጻፈች ስድስት ክረምት አሳለፈች። ጋዙ በየዓመቱ ቀነሰ፤ የእሷ ናፍቆት ግን አልቀነሰም።

በሰባተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዘውዱ የሚባለው አዲሱ ባለሙያ ክዳኑን አነሣ። «ንጹሕ ነው፤ ይጠጣል» አላት።

«ደሳለው ሰምቷል?»

«ደወልኩለት። ሐሙሲት ከተማ ነው ያለው፤ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን በቅርቡ ወለደች። ‹መጀመሪያ ማን ጠጣው?› አለኝ። ገና ማንም አልጠጣውም አልኩት።»

ዘውዱ ከሄደ በኋላ እማማ ለተሥላሴ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩ። ቀለም የለውም።

«ያኔም ጋዝ መሆኑን አውቅ ነበር» አሉ።

«ምን?»

«ኩራዝ እያበራሁ ነው ያረጀሁት፤ የጋዝ ሽታ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽው?»

«ይዞሽ ሊሄድ ነበራ። አንዴ ሄደሽ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችለውም። እንደማይዋሽ አውቄ ነው የጠየቅሁት።»

ዓይናለም ልትጮህ ፈለገች፤ ግን ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች። እናቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ጣሳውን ቀድታ ግማሹን ጠጣች። ውሃ ውሃ ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። የቀረው ግማሽ የደሳለው ነበር። ይዛው ብዙ ቆመች።

«እንኪ፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «ጠጪ።»