በማይ ዓፅሚ ቦረቦር የሞተው አስጎብኚ

ገብረዝጊ ሲወድቅ ቀድማ የጮኸችው ሁሪያ ነበረች፤ ቀድማ የተጠረጠረችውም እሷው ሆነች። መጮህ አንዳንዴ እንዲህ ያስከፍላል።

ቦታው ማይ ዓፅሚ ይባላል። ከመቐለ ወጥተው በኮረኮንች ሲንገጫገጩ ቆይተው፣ መሬቱ በድንገት ቆዳው የተገፈፈ ይመስላል። ዛፍ የለ፣ ሣር የለ፤ ጎርፍ የቦረቦረው ቀይና ግራጫ አፈር ብቻ፣ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ተደርድሮ። ነፋሱ በየስንጥቁ ገብቶ ያፏጫል። የአገሩ ሰው ከመሸ በኋላ ወደዚያ አይወርድም። በቦረቦሩ ግርጌ አንድ የዳይኖሰር የጭን አጥንት ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል፤ ከዘመን ብዛት ድንጋይ ሆኗል። ያገኘው ገብረዝጊ ነው፤ ለጎብኚ የሚያሳየውም እሱ ነበር። አሁን ከአጥንቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሲወጣ የወደቀበት አቀበት ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

ሁሪያ ከላይ፣ ከሚኒባሱ ጥላ ሥር፣ እጆቿ በካቴና ታስረው ተቀምጣለች። ባሏ ጀላሉ ሚኒባሱን ይነዳል፤ እሷ ደግሞ የመንገደኞቹን ምሳ ታበስላለች። ከወሎ መጥተው መቐለ የከተሙት አግብተው ሳይቆዩ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጇን ለጎረቤት ስትሰጥ «ማታ እመጣለሁ» ብላታለች። ማታ ግን እየራቀ ነበር።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዣት መቐለ እገባለሁ» አለ ሳጅን ሕሉፍ፣ ከቅርቡ ጣቢያ የመጣው ፖሊስ። «ምግቡን የሠራችው እሷ። ሰውየው የሞተው በመርዝ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ» አለች አንዲት ሴት ከኋላው።

ኢንስፔክተር ለተመድህን ከመቐለ መድረሷ ነበር። አጭር ናት፤ ከደንብ ልብሷ ሥር ስኒከር አድርጋለች። ሰው ሲያወራት ጆሮዋን እንጂ ዓይኗን አትሰጥም፤ ዓይኗ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ሥራ አለው። ማንንም ሳታናግር ቦረቦሩን ወረደች። ነጠላውን ገለጠች፣ የሟቹን ዓይን ከፍታ አየች፣ ምላሱን አየች። ከዚያ ያስመለሰበት ቦታ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ሳጅኑ አፍንጫውን ይዞ ወደ ሰማይ ተመለከተ።

ተመልሳ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሁሪያ መጣች።

«ምን ሠርተሽ ነበር?»

«ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። የጾም ነው እትዬ፤ ለነሱ ሁዳዴ አይደል?»

«ቀምሰሽዋል?»

«በሮመዳን? እንዴት ብዬ! ዘንድሮ እኮ ጾሙ ገጥሞ የነሱም የኛም ሆኗል። ጨዉን አላህ ያውቃል ብዬ ነው የጣልኩት።»

የኢንስፔክተሯ ከንፈር ትንሽ ሸሸት አለ። «ገብረዝጊስ በላ?»

«ኧረ አልበላም! ሓወይ፣ ወንድሜ ገብረዝጊ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ድስቱም አልተከፈተ።»

«ዋሸች» አለ ሃፍታይ።

ሃፍታይ የጉዞ ድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ቢሮው መቐለ፣ ሓወልቲ ሰፈር ነው። የካሜራ ቦርሳውን ከትከሻው አያወርድም፤ ሬሳ አጠገብም አላወረደውም። «ከመውረዳችን በፊት መኪናው ጀርባ ስታጎርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ሽሮ በእንጀራ። ሰው መሆን ነው፣ ራበው።»

ሁሪያ በደረቀ አፏ «ወላሂ አላጎረስኩትም!» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያልጠጣ ጉሮሮ ለመማልም አይመች።

«እሺ» አለች ለተመድህን፣ እንደ ቀላል ነገር፤ ሳጅኑ የያዘውን የስም ዝርዝር ተቀብላ አየች። «ኣቦይ ኣረፋይነ ማን ናቸው?»

ኣረፋይነ የዕለቱ እንግዳ ነበሩ፤ ከሱቃቸው ሌላ አገር ሳያዩ ያረጁ የዓዲግራት ነጋዴ። ልጆቻቸው «እስቲ ዙሩ» ብለው ልከዋቸው ይኸው የዞሩት። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ያሻሹ ነበር።

«እንዴት ነበር ከታች? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ ይቺ መምህርቷ አጥንቱን በብሩሽ ጠረገችው። ሃፍታይ ‹ፎቶ ላንሳ› ብሎ ብቻውን ቀረ፤ እኛ ጥላ ፍለጋ ዞር አልን። ተመልሰን ስንመጣ ገብረዝጊ ‹ድንጋይ ነው አጥንት ነው?› አለና… ሓቀይ፣ እውነቱን ልንገርሽ ጓለይ፣ ልጄ፣ ላሰው!»

«ላሰው?»

«በምላሱ!»

መምህርቷ ዮሃና ነበረች፤ መቐለ ዓዲ ሓቂ ባለው ካምፓስ የሥነ ምድር አስተማሪ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ሁልጊዜ ይልሳል» አለች። «ያረጀ አጥንት ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ምላስ ይይዛል፤ ተራ ድንጋይ አይይዝም። እኛም በሙያው እንደዚያው ነው የምንለየው።»

«ጾመኛ ሆኖ?»

«ቀለድንበት እኮ! ‹ሥጋው ካለቀ ቆይቷል፣ ንስሐ አባቴም ያውቃሉ› አለን።» ሳቅ ጀምራ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነባት። «ዛሬ ግን ልቡ አልነበረም። አጥንቱ ዙሪያ አዲስ የመሮ ምልክት አለ፤ ሰው ሊፈለቅቀው ጀምሮ ነበር። ‹ማን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ሰኞ ለመንግሥት አስረክበዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ይህን ሲልሽ ማን ሰማ?»

«መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። ሁላችንም ነበርን።»

ለተመድህን ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ አልላሱም?»

«ይቺ ልጅ ‹ይሞክሩት ኣቦይ› ብላኝ ጎንበስ ስል ሃፍታይ ክንዴን ያዘኝ። ‹ይተዉት፣ ፀሐይ ሳይከር እንውጣ› አለኝ።»

የመጨረሻው ጀላሉ ነበር። መሪውን ጨብጦ ሚስቱን ላለማየት ሲታገል አገኘችው።

«ሌላ ጊዜ እንግዶቹ ይልሳሉ?»

«እንዴ! ሃፍታይ ራሱ እየገፋ ነው የሚያስልሳቸው። ፈረንጅ ምላሱን አውጥቶ ሲያቅማማ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል፤ ደንበኛው ሁሉ በዚያ አይደል የሚመጣ?»

«እሱ ይጾማል?»

ጀላሉ በምሬት ፈገግ አለ። «ጠዋት ሓወልቲ ቆመን ማኪያቶውን ሲጠጣ እኛ ጾመኞቹ መኪና ውስጥ ጠበቅነው።»

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ለተመድህን ሁሉንም ወደ ቦረቦሩ አወረደቻቸው። የግድግዳዎቹ ጥላ እየረዘመ ተገናኝቶ ግርጌው ጠቆረ። አጥንቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። ከፍ ብሎ ነጠላው ሥር ያለው ሰው አምቡላንስ ይጠብቃል። ሁሪያም ቆመች፤ ሳጅኑ ክንዷን ይዟል።

ኢንስፔክተሯ መዳፏን ዘረጋች። የአውራ ጣት የምታህል ግራጫ ስባሪ ተቀምጣበታለች።

«ከዚሁ አጥንት የተፈለቀቀች ናት» አለች። «ገብረዝጊ የሠራውን አሳዩኝ። ልማዱን ሳላይ መጻፍ አልችልም።»

ዮሃና ሳታቅማማ ምላሷን አስነካች። ኣረፋይነ አማተቡና ነኳት፤ «ዋይ፣ ይይዛል!» ብለው እንደ ሕፃን ተገረሙ።

«ሁሪያ?»

«ጾመኛ ነኝ እትዬ። ፀሐይ ገና አልገባችም።»

«አያችሁ!» አለ ሃፍታይ። «ፈራች!»

«እሷ ፀሐይን ትጠብቃለች። አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

ሃፍታይ ስባሪዋን አየ፣ ዮሃናን አየ፣ ኣረፋይነን አየ። ግንባሩ ወዛ። «ሁዳዴ ነው» አለ። «በጾም አጥንት አልቀምስም።»

«ወተቱንማ ጠዋት ቀምሰኸዋል።»

 ነፋሱ በስንጥቁ አፏጨ።

«እንግዲያው ፀሐይዋን እንጠብቅ» አለች ለተመድህን።

ጠበቁ። ብርሃኑ ከግድግዳው አፋፍ ላይ ቀስ እያለ ተላጠ። ሃፍታይ ከሁሪያ ዓይኑን መንቀል አቃተው። የጀላሉ ስልክ አዛን አሰማ፤ በዚያ ባዶ ቦታ ድምፁ ከመሬት ሥር የወጣ መሰለ። ሁሪያ በታሰሩ እጆቿ ስባሪዋን አነሣች፣ «ቢስሚላህ» አለችና ወደ ምላሷ ወሰደቻት።

ሃፍታይ ፊቱን አዞረ።

«ለምን ፊትህን አዞርክ?» አለች ለተመድህን በዝግታ። «ሴትዮዋ ድንጋይ ስትልስ ማየት ምን ያስፈራል?»

ሃፍታይ የቦርሳውን ማንገቻ ጨበጠ።

«እንግዲያው እኔ ልንገራቸው» አለች። « ሳጅን፣ ሰውየው ያስመለሰበትን አይተኸዋል? አፍንጫህን ይዘህ ነበርና አላየኸውም። አረፋና ውሃ ነው፤ እንጀራ የለ፣ ሽሮ የለ፣ አንዲት ፍርፋሪ የለ። ጎርሶ ቢሆን ጉርሻው የት ገባ? ስለዚህ ሁሪያ አላጎረሰችውም፤ አጎረሰችው ያለን ሰው ዋሽቷል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል፣ አፉ የተባይ መድኃኒት ይሸታል። መርዙ በአፉ ነው የገባው። የማይበላ፣ የማይጠጣ ሰው ዛሬ አፉ የነካው አንድ ነገር ብቻ ነው።» ወደ ላስቲኩ ጠቆመች።

ዮሃና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኣረፋይነ ተፉ።

«አይዟችሁ። ከዚህ አጥንት ናት ስላችሁ ዋሸሁ፤ ሌላ አጥንት ናት፣ ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር ነው ያነሣኋት። በላስቲክ የተሸፈነው ላይ ግን ሽታው አሁንም አለ። ታዲያ ከገብረዝጊ በፊት አጥንቱን ማን ነካው? ዮሃና ጠረገችው፤ ሃፍታይ ብቻውን ቀረበት። ከሁለት አንዳቸው ናቸው ማለት ነው። እሷ ግን ሽማግሌውን ‹ይሞክሩት› አለች። መርዝ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እንግዳውን ላስ አይልም። ሁልጊዜ እየገፋ የሚያስልሰው ሃፍታይ ደግሞ ዛሬ ክንዳቸውን ያዘ። ለምን? ገብረዝጊ ብቻ እንዲሞት ነዋ የፈለገው። ሽማግሌ ከተጨመረ ምግቡ ነው ማለት አይቻልም፤ እሳቸው አልበሉም። ልትሸጠው በመሮ መፈልቀቅ የጀመርከው አንተ ነህ፣ ሃፍታይ፤ ገብረዝጊ ‹አውቄያለሁ› ሲልም መኪና ውስጥ ሰምተኸዋል። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ገብረዝጊ ዝም ማለት ነበረበት።»

«ግምት ነው» አለ ሃፍታይ፤ ድምፁ ግን ተሰነጠቀ።

«ግምት ከሆነ ያን ቦርሳ ለሳጅኑ ስጠው።»

አልሰጠም። ሕሉፍ ነጠቀው። ከሌንሱ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ ብልቃጥ ወጣ። ሳጅኑ አሽትቶ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ወረወረ፤ አሁን አፍንጫው ሥራ ጀመረ።

«አጥንቱ የማንም አልነበረም!» ብሎ ጮኸ ሃፍታይ። «ሬሳ ነው! የሞተ አውሬ ነው! ስለ እሱ ነው እንዲህ የምታደርጉኝ?»

ቦረቦሩ ጩኸቱን ተቀብሎ መልሶ መልሶ አሰማው። ኣረፋይነ ፊታቸውን ወደ ነጠላው መልሰው፣ «ስለ የትኛው ሬሳ ነው የሚያወራው?» ብለው ጠየቁ።

ሕሉፍ ካቴናውን ከሁሪያ ፈቶ ለሃፍታይ አጠለቀው። ይቅርታ አላለም፤ «እጅሽን አሻሺው» ብቻ አለ፤ ያም ለእሱ ብዙ ነው። ጀላሉ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ዮሃና ውሃ አቀበለቻት፤ እስከ ታች ጠጣችው።

«በይ እንሂድ» አላት ጀላሉ። «ልጅቱ ትጠብቅሻለች።»

«ቆየኝ» አለችው።

አቀበቱን ወጥታ ነጠላው አጠገብ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ለራሷ ስትፈራ ስለ እሱ አንዲት እንባ አልወጣትም ነበር። አሁን ነፃ ወጣች፤ ፍርሃቱም ቦታውን ለቀቀ።

«ሓወይ» አለች። ከዚያ እንደ አገሯ ደረቷን እየመታች ማልቀስ ጀመረች።