በጤነኛ አፍ የበቀለው

አቶ ገብረሕይወት ካዛንቺስ ቤታቸው፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት ሞተው ተገኙ። መርዝ ነው። ምሳውን ከልጃቸው ከእጸገነትና ከታናሽ ወንድማቸው ከአምኃ ጋር ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ ሁለቱን ራሳቸውን እንኳ አላመማቸውም። ለብቻቸው አፋቸው የገባው ጠዋት የላቦራቶሪዋ ጃለኔ ያስገባችው ጥጥ ብቻ ነው። ጃለኔ በጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ እርሾ የሚያበዛውን ነገር ለማጥናት በየቤቱ ናሙና ትሰበስብ ነበር። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደባት፤ ምስኪን፣ ታስራ ታለቅሳለች።

ኢንስፔክተር ዘሪቱ ግን ለሰፈር ወሬ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ከጥጡ የበቀለው ናሙና ለምርመራ ሲደርስ ጃለኔን ይዛ ላቦራቶሪ ሄደች።

«ምን ይታይሻል?»

«ኧረ እርሾው ሳህኑን ሞልቶታል! ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ የሚበዛው ሲጋራ ካጨሰ፣ ማለቴ፣ ወይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ነው። ጠይቄያቸው ሁለቱም የለም ብለውኛል።»

«ሲጋራስ አያጨሱም» አለች ዘሪቱ፤ ወዲያው ሆስፒታል ደወለች። አስክሬኑ አፍ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቷል።

እጸገነት አላመነችም። «አባዬ? በጭራሽ!»

«ስታገኚያቸው ፊታቸው እንዴት ነበር?»

«ጉንጩ ስርጉድ ብሏል። ሞት እንዲህ ያደርጋል ብዬ ኡኡ እያልኩ ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ። ጋሼ አምኃ አጠገቡ ቀረ።»

አምኃም ማለ፦ «ወንድሜ እኮ በጥርሱ የሚኮራ ሰው ነበር! ሰው ሠራሽ መሆኑን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ዘሪቱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ጃለኔ ካቴናዋን እንዳጠለቀች ጥግ ላይ ቆመች።

«የገደላቸው ጥጡ አይደለም፤ ጥርሳቸው ነው። ሲተኙ አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ ያኖሩታል። ውሃው ላይ መርዝ ተጨመረ። ነቅተው ሲያጠልቁት አቃጠላቸው፤ አውጥተው ጣሉት፤ ሞቱ። እጸገነት ጉንጫቸው ገብቶ ያየችው ለዚህ ነው። እኔ ስደርስ ግን ጉንጫቸው ሙሉ ነበር። መቼም አስክሬን ጥርሱን አያጠልቅም።»

ዘሪቱ ወደ አምኃ ዞረች።

«ጥርሱንም አስመረመርኩት። እርሾ ከሞላበት አፍ ወጥቶ አንድም እርሾ አልበቀለበትም፤ በበረኪና ታጥቧል። እጸገነት ስትወጣ እዚህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ አምኃ። ይህ ቤት ለልማት ሲፈርስ የሚሰጠውን ምትክ ቤት ወንድምዎ በልጃቸው ስም ሊያደርጉት እንደነበርም ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥርሱን ቢጥሉት ማን ያውቅብዎት ነበር? ለምን መልሰው አጠለቁላቸው?»

የአምኃ ድምፅ የለቅሶ ነበር።

«ለቀስተኛ ሊገባ ነበር! ዕድሜ ልኩን የደበቀውን... ወንድሜን ድዱን ገልጦ እንዴት ሰው ይየው?»

«ገድለኸው አፈርክለት?» አለች እጸገነት።

ዘሪቱ ካቴናውን ከጃለኔ እጅ ፈትታ ለአምኃ አጠለቀችለት።