ሰማይ ላይ መንታ ያለው ሳጥን

የምርምር ጣቢያው ኃላፊ አቶ ወልደሥላሴ ሞተው የተገኙት ከጠረጴዛው ሥር በጎናቸው ወድቀው፣ መሐረባቸውን ከተፈነከተ ግንባራቸው ላይ እንደያዙ ነበር።

የጋምቤላ ክልል ከተቋቋመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል መርማሪ አቻን ስትደርስ፣ ዘበኛው ኦሞድ በካቴና ታስሮ ጠበቃት። የአጎቷ ልጅ ነው!

«እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽ ወህኒ ይወርዳል» አላት የፖሊስ አዛዡ ሻለቃ ቀስ ብሎ። «ለዘመዷ አደላች እንዳትባዪ።»

አቻን ክፍሉን ታየው ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ያ ጉደኛ ሳጥን ቆሟል። ያለ ሰው እጅ በቆሎ በጨለማ ያበቅላል፤ ራሱ ያጠጣል፣ ሙቀት ይለካል፣ የለካውንም በወረቀት ጥቅል ላይ ይጽፋል። መንታው በጠፈር መንኮራኩር ተጭኖ ሰማይ ላይ ይዞራል። የመሬት ስበት በሌለበት ቡቃያ ምን እንደሚሆን የሚታወቀው ሁለቱ ሲመሳከሩ ነው።

«ጠዋት ተረኛ እኔ ነበርኩ» አለ ቴክኒሻኑ በረከት። «ሰባት ሰዓት ላይ ቁልፉን ለኦሞድ ሳስረክብ አቶ ወልደሥላሴ ደኅና ሆነው ያነቡ ነበር።»

«ሳጥኑን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም! ንቅንቅ አላለም።»

«እህቴ፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣሁ» አለ ኦሞድ። «በር ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ምሳ ላምጣልዎት ልላቸው ስገባ... በእግዚአብሔር!»

«እውነቱን ነው» አለች የዕፅዋት ባለሙያዋ ኛሙት። «ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል አብረን ዘምረናል።»

«መዘምራን ሲረዳዱ ደስ ይላል» አለ በረከት ፈገግ ብሎ።

አቻን ሳጥኑን አስከፈተች። ቡቃያዎቹ ሁሉ እንደ ክርን ወደ አንድ ጎን ታጥፈዋል፤ ጫፋቸው ብቻ ቀና ማለት ጀምሯል። ባሮ ሞልቶ የእናቷን በቆሎ ባስተኛ ቁጥር፣ የተኛው በቆሎ አንገቱን ወደ ላይ ሲያጥፍ እያየች ነው ያደገችው። ሁሉንም በሳጥኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ኛሙት፣ እንዲህ ለመታጠፍ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሳጥኑ በጎኑ ተኝቶ ከሆነ አራት ሰዓት።»

«ጫፉ ቀና ያለውስ?»

«ተመልሶ ቆሞ ነዋ! አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነው ነው።»

«እንግዲህ ሦስት ሰዓት ገደማ ወድቆ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ተነሥቷል። ኦሞድ ያን ጊዜ በጉባኤ ፊት ይዘምር ነበር። ንቅንቅ አላለም ያልከው አንተ ነህ፣ በረከት። ጥቅሉ ላይ ደግሞ የሐሙሱ ወረቀት ተቀድዶ ወጥቷል። ሐሙስ ተረኛ ማን ነበር?»

«እሱ» አለች ኛሙት።

በረከትን ላብ አጠመቀው። «ሐሙስ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሲጠፋ ተኝቼ ነበር። ሳጥኑ መዝግቦት ኖሯል። አቶ ወልደሥላሴ ዛሬ ጠዋት ሪፖርት አደርግሃለሁ አሉኝ። በወረቀቱ ስንታገል ከነሳጥኑ ወደቁ። ደንግጬ ሸሸሁ! ተረኝነቴን ላስረክብ ስመለስ ግን ሞተዋል።»

«መሐረቡን ግንባራቸው ላይ የያዙት ከወደቁ በኋላ ነው። በሕይወት ነበሩ። ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሳለ! ተመልሰህም ያነሣኸው ሳጥኑን ነው።»

ሻለቃው ካቴናውን ከኦሞድ ፈትቶ በረከት እጅ ላይ አጠለቀው። ኦሞድ ግን ካለበት አልሄደም።

«እህቴ፣ እኔ በር ላይ ስቀመጥ... በሕይወት ነበሩ እንዴ?»

አቻን ወደ በረከት ዞረች። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አልነበሩም» አለችው። ከመጣች ጀምሮ ሲዋሻት የቆየው ሰው ይህን እንኳ እውነት ተናግሮ እንዲሆን በልቧ ለመነች።