ከእሜቴ ሆድ ሥር

ሟች የተገኘችው በማለዳ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ወለል ላይ ተጋድማ ነው። ሟች ድመት ናት። «ለድመት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ!» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ካለ ይገልብጥ፤ እዚያ ቤት ግን በእሷ ሞት ሰበብ አንድ ትዳር ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

ስሟ እሜቴ ነው። ስሙን ያወጡላት የቤቱ እናት ሲሆኑ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ እሜቴ ራሷን በራሷ የቤቱ እመቤት አድርጋ ሾማ ነበር። ግርማዋ የዋዛ አልነበረም። ደረጃውን ስትወርድ የሰፈሩ ውሾች ብድግ ብለው መንገድ ይለቁላት ነበር፤ አንዱ ቡችላማ እጅ ነሥቷል ይባላል። እኔ አላየሁም። ያየውን ሰው ያየ ሰው ነው ያወራልኝ።

«ገደለቻት!» ብላ ጮኸች የቤቱ ሴት ልጅ፣ የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ። ጣቷን የቀሰረችው በወንድሟ ሚስት ላይ ነው። «የእማማን ድመት ገደለቻት! ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ብያለሁ» አለች ምራቲቱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያ ሜትሯ ገና አንገቷ ላይ ነበር። «ማለትና መግደል አንድ ነው?»

«ይሄስ?» እህትየዋ ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር የአይጥ መርዝ ካርቶን መዝዛ አወጣች። «ለቁርስሽ ነው?»

«ለአይጥ ነው። አይጥ አለ። እሜቴ አይጥ መያዝ ከተወች ቆየች።»

ባልየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የማያወራ ሰው ነው፤ ፍሪጆቹ ራሳቸው ከእሱ የተሻለ ያንጎራጉራሉ። ያን ቀን ግን አፉን ከፈተ። «እናቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ ይቺን ድመት ነው። አንቺ ገድለሻት ከሆነ፣ ከዛሬ ወዲያ አንድ ጣሪያ ሥር አናድርም።»

ምራቲቱ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ጎትታ አወጣችና በር ላይ አቆመችው። «እሄዳለሁ። ግን ማን እንደገደላት ሳይታወቅ እግሬን አላነሣም። ድመት ገዳይ ተብዬ ወጥቼ በየት አገር ነው ቀና ብዬ የምሄደው?»

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባትየው፣ ጡረታ የወጡት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጥግ ላይ ካለች በርጩማ ላይ ኩምትር ብለው ተቀምጠዋል።

ምራቲቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥታ አፍንጫን ይዛ ወረደች።

አፍንጫ ጡረታ የወጣ የፖሊስ መርማሪ ነው። ፊት ለፊት «ኢንስፔክተር» ይሉታል፣ ዞር ሲል «አፍንጫ»። የተሰረቀ ቢስክሌት በሰንሰለቱ ቅባት ሽታ ተከትሎ ከሌባው አልጋ ሥር አውጥቷል። እሱ ጉንፋን ሲይዘው የከተማው ሌቦች ለጤናው ሳይሆን ለጉንፋኑ ዕድሜ ይጸልዩ ነበር አሉ።

ገባና ተንበረከከ። የእሜቴ ፊት አብጧል፤ የፊት እግሮቿም እንዲሁ። በጣቱ ከንፈሯን ገለጥ አደረገ። ድዷ ሮዝ መሆን ሲገባው ጭቃ መስሏል። አጠገቧ ትንሽ የተፈጨ ሥጋ የቀረባት የሻይ ሳህን አለች። ድመቷን ቀስ ብሎ ብድግ ሲያደርጋት ከሆዷ ሥር አንድ ነገር አገኘ፤ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት። ቀዝቅዟል።

«ይሄ የእማማ ነው!» አለች እህትየዋ። «የት ተገኘ? ጠፍቶ ነበር እኮ።»

አፍንጫ ግን «ከመንገዱ ማዶ ያለችውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩልኝ» አለና ምራቲቱን ወደ ወጥ ቤት ይዟት ገባ።

«እዚያ ክፍል ማነው የዘጋባት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰሞኑን ቤቱን ሽንት በሽንት አደረገችው፣ ኢንስፔክተር። እጅ መታጠቢያው ውስጥ፣ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ፣ የሰው ቀሚስ ላይ ሳይቀር። ትናንት ማታ ደግሞ የእማማን ሶፋ አጥለቀለቀችው። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።»

«በዓይንሽ አይተሻታል?»

«ቀሚሱ ላይ አይቻታለሁ። ቁጢጥ ብላ፣ አምጣ አምጣ፣ ጮኻ ጮኻ የወጣት ጠብታ ናት። ቀላ ያለች። እልኸኛ ብዬ ሰደብኳት።»

«ሶፋው ላይስ አየሻት?»

«ሶፋው ላይ... አላየሁም። ሌላ ማን ያደርገዋል?»

አፍንጫ ወደ ሳሎን ተመለሰና ሶፋው መቀመጫ ላይ አፍንጫውን ቀበረው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሐዘን የመሰለ ነገር ነበር።

ባልየውን ጠየቀው። «አንተስ ምን አየህ?»

«የአሸዋ ሳህኗ ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች። ደግማ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ ሥሯን ትልሳለች። ሆድ ድርቀት መስሎኝ ዘይት አጠጣኋት።»

«ሌላ መድኃኒት?»

«በእናቴ አጥንት፣ ሌላ የለም።»

እህትየዋ ተራዋን ሳትጠብቅ አፍንጫ ላይ ጮኸች። «መርዙን እንኳን አይተህ ዝም ትላለህ?»

«አይቻለሁ፣ እመቤት። ካርቶኑ ማሸጊያው እንኳን አልተነሣም። የአይጥ መርዝ የበላ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይደማል፣ ድዱ ይነጣል። የእሜቴ ጠቁሯል።»

ከዚያ ወደ በርጩማዋ ሄደ። «ጋሼ፣ ምነው እዚህ? ሲደርቅ ሶፋው ላይ ቢቀመጡ አይሻልም?»

«እዚህ ይመቸኛል» አሉ አባትየው፣ ወለሉን እያዩ።

«እኔ እንኳን ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። የራስ ምታት ክኒን አያጡም መቼም?»

አባትየው ኮት ኪሳቸውን ዳበሱና የክኒን እሽግ አወጡ። «አንዷ ግማሽ ናት። ትበቃሃለች?»

«ትበቃኛለች፣ ጋሼ።»

ግማሿን ክኒን ተቀበለ። አልዋጣትም፤ በመሐረቡ ጠቀለላት። አባትየው በዚያው ከበርጩማቸው ተነሥተው እየተቻኮሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ገቡ። ወዲያው የቧንቧ ውሃ ተከፍቶ ሲንፎለፎል ተሰማ። ብዙ ቆየ። ከውሃው ድምፅ ሥር ግን ሌላ ድምፅ ነበረ፤ አፍንጫ ጆሮውም የዋዛ አልነበረም።

ሐኪሟ መጥታ እሜቴን መርምራ ስትጨርስ አፍንጫ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሻንጣው አሁንም በር ላይ እንደቆመ ነው።

«ከሶፋው በፊት ከጠብታዎቹ ልጀምር» አለ። «ስትባልግ የመሰላችሁ ድመት ታማ ነበር። ፊኛዋ ነው የታመመው። ደጋግማ ትቀመጣለች፣ ታምጣለች፣ ትጮኻለች፣ ሥሯን ትልሳለች፤ የሚወጣት ደም የቀላቀለ ጠብታ ነው። ገንዳውንና መታጠቢያውን የመረጠችው ለንቀት አይደለም።»

«አሸዋው ላይ ስትቀመጥ ያማታል» አለች ሐኪሟ። «ጥፋቱ የአሸዋው ይመስላታል። ስለዚህ ለስላሳና ቀዝቃዛ ቦታ ሁሉ ትሞክራለች። የማያማት ቦታ ፍለጋ ነው።»

ምራቲቱ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጭብጥ አደረገችው።

«ታዲያ በሽታው ነው የገደላት?» ባልየው ጠየቀ።

«ወንድ ድመት ቢሆን አዎ ልልህ እችል ነበር» አለች ሐኪሟ። «የወንዱ የሽንት መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ድንገት ይደፈናል፣ ካልተደረሰለት ይሞታል። የሴቷ አጭርና ሰፊ ስለሆነ ያ ነገር እምብዛም አይገጥማትም። ብታመጧት ሽንቷን እመረምር ነበር። ለድመት የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አለ። ተህዋስ ከተገኘ ለእሱም መድኃኒት አለው። ከዚያ ብዙ ውሃ፣ እርጥብ ምግብ፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ጸጥ ያለ ጥግ። ትድን ነበር።»

«የገደላት ከሥጋው ጋር የበላችው ነው» ቀጠለ አፍንጫ። «ሳህኑ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። የራስ ምታት ክኒን ነው፣ ፓራሲታሞል። ለእኛ ማስታገሻ ነው። ለድመት መርዝ ነው፤ ፊቷና እግሯ ያብጣሉ፣ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል። ድዷ የጠቆረው ለዚህ ነው።»

«ይኸው! መርዝ ነው አላልኩም?» አለች እህትየዋ።

«ቆይ እንጂ እመቤት። ድመት ሊገድል የተነሣ ሰው ውሃ አሙቆ፣ ከረጢት ሞልቶ፣ ከሆዷ ሥር ያደርግላታል? ያውም ልክ ፊኛዋ ያለበት ቦታ? ይሄ ሰው ሊገድላት አልፈለገም። የሚያማት የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል። ዕውቀቱን ያገኘው ደግሞ...» አፍንጫ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እና ሶፋው አለ። ፊኛዋ የቆሰለ ድመት ጠብታ እንጂ ያን ያህል ሽንት አታጠራቅምም። ሶፋውን ያራሰው...»

ምራቲቱ በርጩማዋን አየች። የአባትየውን ሱሪ አየች፤ ትናንት የለበሱት አልነበረም። በየሌሊቱ ተከፍቶ የሚያድረውን ቧንቧ አሰበች። ገባት።

«እኔ ነኝ!» አለች ፈጠን ብላ። «ውሃ ደፋሁበት። እንዳትቆጡኝ ፈርቼ በድመቷ አላከክሁ።»

አፍንጫ አያት። ያ ውሃ እንዳልሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በዓለም አልነበረም። ግን በዕድሜው ሙሉ ሐሰት ሲያሳድድ የኖረው ሰውዬ ያን ቀን ሐሰት ሰምቶ አንገቱን ነቀነቀ። «ውሃ ነው» አለ።

«በሐሰት ወንጅለሽ ነዋ የቆለፍሽባት!» ባልየው ከመቀመጫው ተነሣ። ሻንጣውን አንሥቶ በሩን ከፈተ። «ውጪ።»

ምራቲቱ ተነሣች። አንድ ቃል ብትናገር ትተርፍ ነበር፤ አልተናገረችም።

«ሻንጣውን አስቀምጥ።»

አባትየው ናቸው። ከበርጩማቸው ተነሥተው ቆመዋል።

«ልጅቷ ምንም አልደፋችም። እኔ ነኝ። የእናትህ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝና... ስነቃ እንደዚያ ነበርኩ። በድመቷ ሲላከክ ዝም አልኩ። በእኔ ጥፋት ሲቆለፍባትም ዝም አልኩ።»

«አባባ...» አለች ምራቲቱ።

«ተይኝ ልጄ፣ ልናገረው። ጩኸቷን አውቀዋለሁ። እኔም ቧንቧውን ከፍቼ የምጮኸው እንደዚያ ነው። ክኒኑና ከረጢቱ እኔን ያስታግሱኛል፤ እሷንም ያስታግሷታል አልኩ። ከትናንት ወዲያ ግማሽ ሰጠኋት፤ ጩኸቷን አቆመች። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ትናንት ማታ ተነሥቼ ደገምኳት። ራሷን እጄ ላይ አድርጋ ነው የተኛችው።»

ሐኪሟ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ድመቷ ዝም ያለችው ተመርዛ እንጂ ተሽሏት እንዳልነበር ለእኚያ ሰው መንገር ምን ይጠቅማል?

«የዚህን ሰፈር ቧንቧ በሙሉ የጠገንኩ ሰው ነኝ» አሉ አባትየው። «አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ትቼ የወጣሁበት ቤት የለም። የራሴን አቃተኝ። ለልጆቼ መናገር አፈርኩ።» ከዚያ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ።

ባልየው ሻንጣውን ለቀቀው። ሚስቱን ለማየት ዓይን አጣ። እህትየዋ የአይጥ መርዙን ካርቶን እንደታቀፈች እየተንሰቀሰቀች «ይቅር በይኝ» ስትል፣ ምራቲቱ «እሱ ይደርሳል፤ አሁን ውሃ ጣጂ» አለቻት።

አፍንጫ ከአባትየው ፊት ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ የሽንት ነገር በእኛ ዕድሜ የወንድ ሁሉ ዕጣ ነው፤ ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው። ነገ አብረን እንሄዳለን። እኔም ቀጠሮ አለኝ። ላይኛው ፎቅ ሆኜ ሌሊት ሌሊት ቧንቧዎን የምሰማው ለምን ይመስልዎታል? ለምርመራ?»

አባትየው ከእንባቸው መሐል ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣቸው፤ ሳቁም መልሶ ለቅሶ ሆነ።

ምራቲቱ የሶፋውን መቀመጫ ገለበጠች፤ በላዩም ሰፍታ ያስቀመጠችውን ወፍራም ጨርቅ አነጠፈች። «አባባ፣ ይምጡ። ቦታዎ እዚህ ነው» ብላ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የጎማውን ከረጢት አጠበች፣ ሙቅ ውሃ ሞላችው፣ በፎጣ ጠቅልላ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

አባትየው ከረጢቱን ወደ ሆዳቸው አስጠጉት። ሞቃት ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ሲነኩት ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ዓይናቸውን ጨፈኑና በዚያ በሻካራ መዳፋቸው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያሉ ይዳብሱት ጀመር።