«ነፋሱ ስንት ነው?» አለች ካሊሮይ።

«ሃያ አራት» አለ ስታማቲስ፣ መለኪያው የተተከለበትን ምሰሶ እንደያዘ። «በሰዓት ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ማለት የነፋሱ ኃይል ደረጃ አራት ነው። አራት ጣት አሳዪያትና እንሂድ።»

ካሊሮይ እጆቿን ከኪሷ አላወጣችም። የቆሙት የወደቡ ግንብ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ጀልባዋ ድረስ ድምፅ ስለማይሰማ፣ አክስቷ ካፒቴን ማሩሳ የምትጠብቀው የካሊሮይን ጣት ነው። ጀልባዋ የታሰረችበትን ጥግ ኮረብታው ስለጋረደው ውሃው እንደ ሳህን ሾርባ ረግቷል። ነፋሱ እስከ አምስት ከሆነ ጀልባዋ ትሄዳለች። ስድስት ከሆነ ግን ገመዷ አይፈታም፤ ማሩሳ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ዛሬ ደግሞ ትልቁ ደሴት ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና አለ፤ በዓመት አንዴ ነው። የካሊሮይ ቫዮሊንና የስታማቲስ ጊታር ጀልባዋ ላይ ተጭነዋል።

«ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን አንብበው» አለች። «ትናንት ከአቴንስ የመጣው ሰውዬ መለኪያውን ቀይሮታል። ይሄኛው የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በመርከበኞች የፍጥነት መለኪያ፣ በኖት ነው። አንድ ኖት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሃያ አራት ኖት ደረጃ ስድስት ነው፣ ስታማቲስ።»

ስታማቲስ ፊቱን አዞረ። «አይቼዋለሁ» አለ። «እና ምን ይጠበስ? አታካብጂ ባክሽ። ከተጠየቅን የድሮው መስሎን ነበር እንላለን።»

ካሊሮይ ተናደደች። ይበልጥ ያናደዳት ግን ሐሳቡ እሷንም ማማለሉ ነው። ጎረቤት እስኪማረር ድረስ የተለማመደችው ለዛሬ ነበር። ከግንቡ ውጭ ያለውን ባሕር አየች። የማዕበሉ አናት ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ነፋሱ አረፋውን እየገፈፈ ፊታቸው ላይ ይረጨዋል። አራት እንዲህ አያደርግም። ጀልባዋ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች።

ማሩሳ ከታች እጇን አወዛወዘች። ስንት ነው ማለቷ ነው።

«ከፈራሽ አንቺ ቅሪ፤ እኔን ግን አታስቀሪኝ» አለ ስታማቲስ። «በናትሽ።»

ካሊሮይ ቀኝ እጇን አነሳች። መጀመሪያ አራት ጣቶቿ ተዘረጉ፤ ስታማቲስ እፎይ አለ። አውራ ጣቷ ተከተለ። አምስት። ማሩሳ ገመዱን ልትፈታ ጎንበስ አለች።

ካሊሮይ ግራ እጇን ከኪሷ አወጣችና አንድ ጣት ጨመረች። አክስቷ ቀና ብላ እስክታያት ድረስ ሁለቱንም እጆቿን አላወረደችም።