የአባ ቬስፓ አስነሺ

ፈትያ መርገጫውን ለሦስተኛ ጊዜ ስትመታው ቬስፓዋ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንኳኩታ ነፍስ ዘራች። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ጃኬቱን ቆልፎ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ የነበረው አባቷ ኢሳ፣ ድምፁን ሲሰማ እያነከሰ ወርዶ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ።

«በሩን ክፈቺ ፈቲ፤ እንዳትጠፋብን።»

እናቷ መኪያ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ ነገር መናገር ካቆመች ሰንብታለች።

ኢሳ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው። ቀኝ ጉልበቱ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከድቶታል። የድሮ ቬስፓ ደግሞ ለጉልበት አያዝንም፤ ጎኑ ላይ ያለውን መርገጫ በቀኝ እግር በኃይል ካልመቱት አይነሳም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ጠዋት ፈትያ ትመታለታለች፤ ከዚያም ከኋላው ተፈናጥጣ አብራው ትሄዳለች። ይህን ከቤታቸው ውጪ የሚያውቅ አልነበረም። ለማንም እንዳትናገር፣ የሚጠይቅ ካለም አባ ደህና ነው እንድትል አስጠንቅቋታል።

የቬስፓ ወዳጆቹ የሚገናኙት የሚካኤል ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ነበር። መሪያቸው ጋሽ ገረመው ናቸው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ቬስፓቸውን ከሟች አባታቸው የወረሱ ሰው። አንድ ወግ ነበራቸው። ጋሽ ገረመው እጃቸውን ሲያነሱ ሁሉም እኩል ይረግጣል፤ በአንድ ምት ያልተነሳለት የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ኢሳ ከዚህ ወግ የሚያመልጠው ሞተሩን ሳያጠፋ ከተፍ በማለት ነበር። ጨዋታ አዋቂው ጋሽ ኤርሳዶ ባዩት ቁጥር «ኢሳ ማደያ ወርሷል መሰለኝ» ይላሉ። እንደ ልማዳቸው ዱከም ድረስ ነድተው ካረፉ በኋላ ደግሞ፣ ልጄን እያሠለጠንኳት ነው ብሎ ፈትያን ያስረግጣታል። ሰዎቹ ያጨበጭቡላታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር።

በ1990 ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ጋሽ ኣፅብሃ አዲስ ቬስፓ ይዘው መጡ። ወንድማቸው ከጣሊያን የላከላቸው ነው። ፋብሪካው የሞተሩን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ለውጦታል። በእጅ የሚጠመዘዝ ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፤ ቤንዚንና ዘይት ማደባለቅም ቀርቷል። ጋሽ ኣፅብሃ አንዲት ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ነካ ሲያደርጉ ሞተሩ ያለ ጭስ፣ ያለ ጩኸት ተነሳ።

ሁሉም ከበቧት። ጋሽ ገረመው ጎንበስ ብለው ዞሯት።

«ዱከም ላይ ብትቆምብህ በምን ትፈታታለህ?» አሉ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «አባቴ የኔይቱን በአንዲት መፍቻ ነው ያኖሯት።»

«ይቺማ ሊፍት ናት» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። «ኣፅብሃ፣ ስንተኛ ፎቅ ነህ?»

ተሳሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ኢሳ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ፣ «ተዉት እንጂ፤ ይሄ እኮ እግር ለሌለው ሰው የተሠራ ነው» አለ።

ከኋላው የተቀመጠችው ፈትያ የአባቷ ጀርባ ድንጋይ ሲሆን በእጇ ተሰማት። ጋሽ ኣፅብሃ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የኢሳን ቀኝ እግር ለአፍታ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። ከዚያ በኋላ ኬክ ቤቱ ጋ አልመጡም። ወለም ያለ ጉልበት ወጌሻ ያገኛል፤ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

አንድ ዓርብ ኢሳ ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ፈትያ ሱቁን ስትጠብቅ፣ ጋሽ ኣፅብሃ መጡ። ምንም ሊገዙ አልነበረም።

«አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል አይደል?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሞተሯን ለጥቂት ጊዜ ልተውለት ብዬ ነው። ሰው በማያየው በኛ ሰፈር በገርጂ በኩል ይሞክራት። ከኔ አፍ አይወጣም።»

አዎ ልትል ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶላት ነበር። አባቷ ያስጠናት ቃል ግን ቀደማት።

«አይ፣ አባ ደህና ነው። ምንም አይለውም።»

ጋሽ ኣፅብሃ ፊቷን ትክ ብለው አዩ። «እንግዲያው እግዜር ይመስገን» አሉና ወጡ። ፈትያ መምጣታቸውን ለማንም አልተናገረችም።

የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ተቃረበ። አንድ እሁድ ፈትያ በማለዳ ተነሥታ፣ አባቷን ሳትቀሰቅስ፣ ደብተሯን ይዛ ጓደኛዋ ቤት ለጥናት ሄደች። እሁድ መሆኑን ረስታ አልነበረም። አንድ እሁድ ቢቀር ምን ይሆናል አለች በልቧ፤ የታከታትም እውነት ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ የግቢው በር ተከፍቷል፣ ቬስፓዋ በጎኗ ወድቃ ቤንዚኗ አፈሩን አርሶታል። ኢሳ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መኪያ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ «ያ አላህ» ትላለች።

እግሩ ጀሶ ገባ። ሐኪሙም ከእንግዲህ ያ ጉልበት መርገጫ እንደማይመታ ነገረው።

ጋሽ ገረመውና ጋሽ ኤርሳዶ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ትራስ ተደግፎ ተቀበላቸው። ከዚህም ከዚያም ሲጫወቱ ቆይተው ጋሽ ኤርሳዶ፣ «ኣፅብሃ ያቺን ሊፍቱን ሸጣት አሉ፤ ሳያኮርፍ አልቀረም» ብለው ሳቁ። ሻይ በትሪ ይዛ የገባችው ፈትያ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ግን ታማኝ ነህ፣ ኢሳ» አሉ ጋሽ ገረመው። «ፋብሪካው ቢከዳን እኛ አንከዳውም። ለመሆኑ እንዴት ወደቅህ?»

«ዘይት ፈሶ አዳልጦኝ እንጂ ጉልበቴማ ደህና ነው። አይደል ፈቲ?»

እንግዶቹ ወደ እሷ ዞሩ። አባቷም አያት፤ ዓይኑ ይለምናል። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አንዴ ብላው ታውቃለች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «ሞተሯን የማስነሳው እኔ ነበርኩ፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ። አባ አይችልም።»

ጋሽ ኤርሳዶ ብርጭቆውን ሊያነሱ የዘረጉትን እጃቸውን መለሱ። ጋሽ ገረመው ወለሉን ሲያዩ ቆዩና፣ «እኛን ፈርተህ ነው?» አሉ።

ኢሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለቱ ሰዎች ትንሽ ተቀምጠው «ይማርህ ወንድሜ» ብለው ተነሡ። ሻዩ እንዳለ ቀረ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ ኢሳ፣ እንደዞረ።

ፈትያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያልነገረችውን ነገረችው፤ ጋሽ ኣፅብሃ ሱቅ መጥተው እንደነበረ፣ ሞተሯን ሊተዉለት አስበው እንደነበረ።

«ምን አልሽው?»

«አባ ደህና ነው አልኳቸው።»

«ያስተማርኩሽን ነዋ ያልሽው» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር።

ፈትያ ሻሿን አሠረች። መኪያ በሩ ላይ አገኘቻትና ወዴት ነው አለቻት።

«ገርጂ። ጋሽ ኣፅብሃ ቤት።»

«ሞተሯ እኮ ተሸጣለች፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ እማ።»

መኪያ ከበሩ ዘወር አለችላት። ፈትያ ታክሲ መያዣው ኢምፔሪያል ስትደርስ የታክሲ ረዳቶቹ ገርጂ፣ ገርጂ እያሉ ይጣራሉ። አልተሳፈረችም። በታክሲ ቶሎ ይደረሳል፤ እሷ ደግሞ ምን ብላ እንደምትጀምር ገና አላወቀችም። ቀስ ብላ በእግሯ ሄደች።