በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጋ

ረስልና ሎርና የተዋወቁት ትኩስ መረቅ በመሃላቸው ተደፍቶ ነው። ሲደፋ አጠገባቸው ነበርኩ።

ስሜ ኤርነስት ነው። በብራክንዴል ታውን ሜዳ መግቢያው በር ላይ ቆሜ ሰው ሳስገባ ነው ያረጀሁት። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ኳሱ ግን ቀረልን። ክለባችን ስማቸው በጋዜጣ ከሚወጣ ክለቦች በብዙ እርከን ዝቅ ብሎ የሚጫወት ነው። ልጆቹ በሥራ ቀን ጣሪያ ይጠግናሉ፣ መኪና ያድሳሉ፤ ቅዳሜ ይጫወታሉ።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ደጋፊ የሚቆመው ቡድኑ ከሚያጠቃው ጎል ጀርባ ነው። ስለዚህ እረፍት ሲሆን ሁሉም ቦታ ይቀይራል። እኛ ወደዚያኛው ጫፍ፣ እንግዶቹ ወደዚህኛው። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በሻይ መሸጫዋ ፊት የምታልፍ ጠባብ መሄጃ። እዚያ ላይ ሁለቱ ወገን ይገጣጠማል፣ ይተራረባል፣ ይሳሳቃል፣ ያልፋል። ፖሊስ የለም፤ አያስፈልግም ነበር።

ያን ቀን የመጡት የሄስኮት ሰዎች ናቸው። ሄስኮት ከኮረብታው ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት። ሎርና ከአባቷ ከዊልፍ ጋር ነበረች። ዊልፍ የፋብሪካ ጓደኛዬ ነው። ረስል ደግሞ የከተማችን ፖስተኛ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አርባ ሊሞላው የተቃረበ፣ ያላገባ። ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ሲያዋራ ከእሷ ጋር ተጋጨ። በእጇ የያዘችው የበሬ መረቅ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«አላየሁሽም» አለ።

«ሰው ስለማይመጣላችሁ ሰው ማየት ረስታችኋል» አለችው። «ዛሬም ሦስት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?»

«አራት ነን።»

«አራተኛው እኮ ውሻ ነው።»

«ውሻው ግን አንድም ጨዋታ ቀርቶ አያውቅም።»

ሳቀች። ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈትታ ደረቱን ጠረገችለት። የሄስኮት ቀለም የብራክንዴልን ሰው ሲያብስ ሰው ሁሉ ጮኸባቸው። ረስል ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ እሱ ገና ለእሷ ሌላ መረቅ ሊገዛ ተሰልፎ ነበር። ረስል የአጋማሽ መጀመሪያ ሲያመልጠው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሄስኮቶች ሩቅ ሲጫወቱ እሷ ወደ እኛ ትመጣለች። እኛ ሩቅ ስንሄድ እሱ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ እሷ ይሄዳል። ሎርና ፀጉር ቤት አላት። ለፀጉር ሠሪ የቅዳሜ ከሰዓት ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሴቶች ያውቃሉ። ስለ እሱ ብላ እኩለ ቀን ላይ ዘግታ ትመጣ ነበር። እሱ ይህን ልብ ማለቱን እንጃ።

በዚያው ዓመት ስለ ሜዳው ወሬ መጣ። መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሰው የማይገባበትን ሜዳ ይዘን አንቀመጥም፣ ቤት ይሠራበታል አሉ። ረስልም ያለበት የክለቡ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹ አዘኑ፣ ቢራቸውን ጠጡ፣ ተነሡ። ረስል ብቻ ቁጭ ብሎ ቀረ።

በማግስቱ ደብዳቤ ሲያድል በር ማንኳኳት ጀመረ። ፖስተኛ ማን የት እንዳለ ያውቃል። ብቻውን የሚኖረውን ሽማግሌ፣ ልጆቿን የት ልውሰድ የምትለውን እናት፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩትን ፖላንዳውያን፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ሁሉ ቅዳሜ ትመጣላችሁ ወይ ይላል። የማይመጡትን በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይጠይቃል። ብሔራዊ ቡድኑ ተጫውቶ ትልልቆቹ ክለቦች በሚያርፉበት ቅዳሜ፣ ባቡር ጣቢያ ቆሞ የእነሱን ደጋፊዎች ይለምናል።

ሎርናም ረዳችው። ፀጉር የምታጥባትን ሴት ሁሉ ስለ ብራክንዴል ታወራታለች። ጭንቅላቷ ውኃ ውስጥ የሆነች ሴት ወዴት ትሸሻለች፣ ትለን ነበር። ዊልፍ ተናደደ። የገዛ ልጄ ለጠላት ደጋፊ ትሰበስባለች ብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል እኔን አኮረፈኝ። እኔ ምን አደረግሁ?

ሰው መጣ። መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የማላውቀው ፊት መግቢያው በር ላይ ይቆም ጀመር። እረፍት ላይ የተመልካቹ ብዛት በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ድሮ ያ ቁጥር ሲነበብ ሰው ይስቅ ነበር። አሁን ማጨብጨብ ጀመረ።

በጸደይ ሄስኮቶች ሲመጡ ቦታ ስንቀያየር ረስል መሄጃው መሃል ላይ ቆመ። የኋላው ሰው ይገፋዋል።

«ሎርና፣ ብንጋባስ?» አላት።

ተጋፍተው የሚያልፉትን ሰዎች አየች። ከዚያ እሱን አየች።

«አባቴን ብቻውን ትቼው አልሄድም። ላናግረው» አለች። «ቀስ ብዬ ነው የማናግረው፤ ታውቀዋለህ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንመጣ እዚህችው ላይ እነግርሃለሁ። እስከዚያ አትጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ።

አልጠየቃትም። በጋውን ሙሉ እየተገናኙ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለም። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። እሷ ግን አንዳንዴ ቢጠይቃት ትወድ እንደነበር ከፊቷ አይቻለሁ።

በመጸው የሄስኮት ጨዋታ ሲቃረብ የሜዳ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ይህን ያህል ሕዝብ ከገባ የሁለቱ ቡድን ደጋፊ መለየት አለበት፣ ሻይ መሸጫዋ ጋ አጥር ይቁም፣ ቦታ መቀያየር የለም አሉ። ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። ረስልም እጁን አወጣ። ያን ሰሞን በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ሰው ይገባ ይሆን?

ቀኑ ዝናባማ ነበር። ያም ሆኖ ሰልፉ መንገዱን አልፎ እስከ ድልድዩ ደረሰ። እንደዚያ ያለ ሕዝብ በዚያ በር አስገብቼ አላውቅም። ሜዳው የሌላ የማንም አይሆንም፤ ተረፈልን አልኩ በልቤ።

እረፍት ሲሆን መግቢያውን በር ዘግቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሎርና ከአጥሩ ማዶ ነበረች። አዲስ ካፖርት ለብሳለች። ፀጉሯ ለብዙ ሰዓት እንደተሠራ ያስታውቃል፤ ዝናቡ እያበላሸው ነበር። ከሌላ ከተማ የተቀጠረው አስተናባሪ ማለፍ አይቻልም ይላታል። ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አስገብታ ይዛዋለች።

«ኤርኒ፣ ረስል የታለ?» አለችኝ።

ጠብቂኝ ብያት ወደ ማጉያው ክፍል ወጣሁ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ቢሆንም ቶሎ ደረስኩ። ረስል ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ቆሟል። ሁልጊዜ የሚያነበውን ሰውዬ ዛሬ እኔ ላንብብ ብሎ ለምኖታል።

«ሎርና አጥሩ ጋ እየጠበቀችህ ነው» አልኩት።

«ይህን አንብቤ እመጣለሁ። አንድ ደቂቃ።»

አነበበ። በክለባችን ዘመን ያልታየ ቁጥር ነው። ሕዝቡ ጮኸ። ደግሞ አነበበው፤ ድምፁ ተሰበረ፣ ሳቀ፣ አለቀሰም መሰለኝ። ሲወርድ ደረጃው ሥር የሚጠብቁት ሰዎች ተሸከሙት። አውርዱኝ ሲላቸው ሰምቻለሁ። ማን ይሰማዋል?

አጥሩ ጋ ስንደርስ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ማንም አልነበረም።

ጨዋታው እንዳለቀ በእሱ መኪና ሄስኮት ሄድን። ና፣ ዊልፍ አንተን ካየ በሩን ይከፍታል አለኝ። ዊልፍ ከፈተ። እኔን ወደ ወጥ ቤት አስገባኝ፣ ሎርና ረስል ወዳለበት በረንዳ ወጣች። የእነዚያ ቤቶች ግድግዳ ስስ ነው። መስማት ባንፈልግም ሰማን።

«የዘገየሁት ትንሽ ነው እኮ» አለ ረስል።

«አውቃለሁ። አልተቆጣሁም።»

«ታዲያ?»

«እሺ ልልህ ነበር የመጣሁት። አባዬም ተስማምቶ ነበር።»

«አሁን በይኛ።»

ዊልፍ ሻይ ሊቀዳ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣ ቀረ።

«ድምፅህን ሰማሁት» አለች። «እንደዚያ ደስ ብሎህ ሰምቼህ አላውቅም። እንጋባ ስትለኝ እንኳ ድምፅህ እንደዚያ አልነበረም።»

«ኮሚቴውን እለቃለሁ። ነገ እለቃለሁ።»

«ትለቃለህ። ከዚያ በየቅዳሜው ሜዳው የናፈቀው ፊትህን እያየሁ ልኑር?»

«ሎርና...»

«አንድ ነገር ንገረኝ። አጥሩ ይሠራ ሲባል እጅህን ስታወጣ፣ እዚያች ቦታ ላይ ምን እንደምነግርህ ረስተህ ነበር?»

ቀላል ነበር። አይደለም፣ አልረሳሁም፣ ተገድጄ ነው ቢላት ታምነው ነበር። ልታምነው ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

«ረስቼ ነበር» አለ።

ዊልፍ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«ምናለ ቢዋሽላት» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሎርና ክረምቱ ሳይወጣ ፀጉር ቤቷን ሸጣ አባቷን ይዛ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ወደ አክስቷ ከተማ ሄደች። ረስል ሁለት ጊዜ ተከትሏት ሄደ። ሁለተኛው ላይ ዳግመኛ እንዳይመጣ በትሕትና ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ስሟን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ሜዳው ተረፈ። ጣሪያ ተሠራለት። በከተማው ረስልን የማያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ መጠጥ ሊጋብዘው ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ምግቡን ቆሞ እንደሚበላ አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ አይቻለሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው መጋቢት ዊልፍ ሞተ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በሄስኮት ሜዳ፣ ከጎሉ ጀርባ እንዲበተን ተናዞ ነበር። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው እንዲህ ይናዘዛል። የሚበተንበት ቀን ቅዳሜ ነው፤ ብራክንዴልም ጨዋታ ነበረው። ረስል ጥቁር ልብሱን ለብሶ ወደ ሜዳው በር መጣና እንሂድ አለኝ።

ጥቂት ሰዎች ነበርን። አመዱ ከተበተነ በኋላ ሎርና ወደ እኛ መጣች። እኔን ሳመችኝ። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቀለም አልቀባችውም። እሱን ስትጨብጠው እጇን ቶሎ አልወሰደችም።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ። ባሌ ዴኒስ ይባላል። ያ፣ ዣንጥላ የያዘው። ኳስ አይወድም።»

«ቅዳሜ ምን ታደርጋላችሁ ታዲያ?»

«ምንም። ቁጭ እንላለን።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ሜዳችሁ ዛሬም ይሞላል አሉ» አለችው።

«ይሞላል። አንቺ የላክሻቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ አልቆየም።

«ረስል... ትንሽ ልጠብቅህ እችል ነበር። ያን ቀን። ትንሽ ብቆም ምን ነበረበት? ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።»

ባሏ ከወዲያ ቆሞ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ደግ ሰው ይመስላል።

«ዝናብ ነበር» አላት ረስል።

ስትሄድ አየናት። ባሏ ካፖርቷን አለበሳት፣ ክንዷን ያዘ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ያለች መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ዓይኔ ደክሟል።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮረብታው አናት ላይ የጨዋታዎቹ ውጤት በመኪናው ሬዲዮ የሚነገርበት ሰዓት ደረሰ። አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። ረስል እጁን ሰደደና ሬዲዮውን ዘጋው።

ቡድናችን ያሸንፍ ይሸነፍ እስከ ማግስቱ ድረስ አላወቅንም።